ለሪኮል መኪናዬን ለማን ልስጥ? ትልቁ ዲለር፣ ትንሹ ዲለር ወይስ ቤት ድረስ የሚመጣው

ጋሼ የ2003 ኮሮላቸውን ሲያስረክቡኝ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ነገር አዘዙኝ። በብርድ ጊዜ ሳታሞቃት አትነሳ፤ ዘይቷን በየአምስት ሺህ ማይሉ ቀይር፤ ገብርኤልን ከቦታው እንዳታነሳ።

ገብርኤል የክብሪት ቀፎ የምታክል ሥዕል ናት። ጋሼ መኪናዋን ከዲለር አውጥተው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ያስባረኳት ዕለት፣ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፏት። ከዚያ ወዲህ ሁለት አፓርታማ፣ አንድ ቤትና ሦስት የልጆች ምረቃ አልፏል። ሥዕሏ እዚያው ናት፤ ወርቃማ ጠርዟ ብቻ በፀሐይ ገርጥቷል።

ችግሩ የተለጠፈችው ልክ የተሳፋሪው ኤርባግ ክዳን ላይ መሆኑ ነው። ያ ኤርባግ ደግሞ ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ላሉ ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉ አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች «ኤርባጉ እስኪቀየር መንዳት አቁሙ» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። የ2003 እና የ2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭፎር። በኮሮላና በማትሪክስ ለሪኮል፣ ማለት ፋብሪካው ጉድለቱን ሊያስተካክል፣ የተጠራው የተሳፋሪው ኤርባግ ነው፤ በራቭፎር የሹፌሩ። ለጋሼ የተላከው የሪኮል ደብዳቤ የሄደው ከለቀቁት ዓመታት ወዳለፉት አፓርታማ ነው። እኔ ያወቅሁት መኪናዋን በስሜ ሳዞር ቪን የሚባለውን የመለያ ቁጥሯን ኒትሳ በሚባለው የፌዴራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሳስገባ ነው። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በፊት መስታወቱ ግርጌ በሹፌሩ በኩል፣ ወይም የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ይገኛል። ደብዳቤ የሚሄደው በምዝገባ አድራሻ ስለሆነ፣ እንደ እኛ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ደብዳቤ ባይጠብቅ ይሻለዋል።

ነገሩ ለምን «አትንዱ» እስከማለት እንደደረሰ ባጭሩ ልበል። ኤርባጉን የሚነፋው ኢንፍሌተር የሚባል የብረት ዕቃ ነው። ታካታ እዚያ ውስጥ የከተተው አሞንየም ናይትሬት ዓመታት በቆየ ቁጥር ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሳ ይበላሻል። ያኔ ግጭት ሲደርስ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድና ብረቱን ራሱን ያፈነዳዋል። ሕይወት ሊያድን የተሠራው ዕቃ የብረት ስብርባሪ ይረጫል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባግ ተጠርቷል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ከአሮጌዎቹ ሁሉ የከፉት በ2001–2003 ሆንዳና አኩራ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ያሉት «አልፋ» የሚባሉት ናቸው፤ በግጭት ጊዜ የመፈንዳት ዕድላቸው እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ ኒትሳ አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለውን መኪና ዛሬ ዓይኑ እያየ የሚነዳ ሰው ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ደውሉለት።

አሁን ወደ ምርጫው። እኛ ጋራዥ ስንመርጥ የለመድነው ዋጋ ማወዳደር ነው፤ «እዚያ ማዶ በስድሳ ዶላር ይሠሩልሃል»። ሪኮል ላይ ይህ ልማድ አይሠራም። የቶዮታን ሪኮል የትኛውም የቶዮታ ዲለር በነፃ ይሠራል፤ መኪናውን ከሱ ግዙ አትግዙ፣ ከጨረታ ይምጣ፣ ሊብሬው ላይ «ሳልቬጅ» (ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ) የሚል ይኑር ለውጥ የለውም። ሕጉ በነፃ የመጠገን ግዴታ የሚጥለው ሪኮሉ ሲታወጅ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ ከ15 ዓመት ካልበለጠ ነው፤ ለታካታ ግን ቶዮታ ሃያ ዓመት ያለፈውንም በነፃ ይቀይራል። ዋጋው የትም ዜሮ ከሆነ የሚወዳደረው ሌላ ነገር ነው። እኔ የማወዳድረው ዲለሩ ከናንተ ኪስ ምንም በማያገኝበት ቀን እንዴት እንደሚያስተናግዳችሁ ነው።

ይህን ለመረዳት ገንዘቡ በየት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ የሪኮል ሥራ የሰዓት ልክ ይቆርጣል። አንድ ሰዓት ከተባለ ለዲለሩ የሚከፍለው የአንድ ሰዓት ነው። መካኒኩም በብዙ ዲለር የሚከፈለው በቆየበት ሳይሆን በተቆረጠለት ሰዓት ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ፕላስቲክ ሳይሰበር ለማውለቅ ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት፣ ሁለተኛዋን ሰዓት የሚሠራው ለነፍሱ ነው። ከፊት የሚቀበላችሁ ሰርቪስ አድቫይዘር ደግሞ ብዙ ቦታ ደመወዙ ከሽያጩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነፃ ሥራ ለሱ ባዶ ቀን ነው። ስለዚህ በነፃ የገባችው መኪና የሚሸጥባት ነገር ይፈለግላታል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋል። አንዳንዱ ዲለር ይገፋል፣ አንዳንዱ ይተዋል። ልዩነቱ እዚህ ነው።

ትልቁ ዲለር

ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለው፣ ባንዲራው ከሩቅ የሚታየው፣ ቡናና ኩኪስ የሚያቀርበው። እዚህ ያየሁትን በባለቤቴ ካምሪ ነው የምነግራችሁ፤ የነዳጅ ፓምፕ ሪኮል ነበረባት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስገባናት። ሥራውን በቀጠሮው ሰዓት ጨርሰዋል፤ በዚህ አላማም። ግን ከቁልፉ ጋር ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ ወረቀት መጣ። በቀይ፣ ማለት አሁኑኑ ይቀየር በሚለው፣ አራት ነገር፤ የፍሬን ዘይት፣ የአየር ማጣሪያ፣ ባትሪ፣ የኋላ የፍሬን ሸራ። ድምሩ ከ1,100 ዶላር በላይ። የፍሬን ሸራው በቀይ የተጻፈው ባለቤቴ ካስቀየረችው አራት ወር ሳይሞላው ነው። ደረሰኙን ስታሳየው አድቫይዘሩ ፊቱ ሳይለወጥ «እሺ፣ ይህኛውን እንሰርዘዋለን» አለ። መካኒኩ ጎማውን አውልቆ ሳያይ ነው የጻፈው ማለት ነው። ያን ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ይህን ብዬ ግን ትልቁን ዲለር ጨርሼ አልጥልም። ሥራው ከባድ ሲሆን የምሄደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቶዮታ ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ የ2022 እና የ2023 ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ የጠራው ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ላይ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ ሞተሩን ስለሚያበላሽ ነው። ሞተር ሙሉ በሙሉ ማውረድና መቀየር ያንኑ ሥራ ብዙ ጊዜ የሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው የሚገኘው ብዙ መኪና የሚያልፍበት ቤት ነው። ዕቃ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ተለዋጭ መኪና የሚሰጠው፣ ቅዳሜ የሚከፍተውም እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ይዞ መኪና አልባ ለሚሆን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትንሹ ዲለር

ከቤቴ 45 ማይል ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አራት የመኪና ማንሻ፣ አንድ የዕቃ ክፍል ሰው፣ ስልክ የሚያነሱት ራሷ አድቫይዘሯ ወይም ከጎኗ ያለው። ለኮሮላዋ ሦስት ዲለር ደውዬ ለሦስቱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ «ኤርባጉ ክዳን ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ፤ ምን ታደርጉታላችሁ?» ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። አንዱ ትልቅ ዲለር «መኪና ውስጥ ለተተወ የግል ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» አለኝ። ሁለተኛው «ችግር የለም፣ ችግር የለም» አለ፤ ጥያቄዬን የሰማ አይመስለኝም። የትንሿ ከተማ ሴትዮ ግን «ትንሽ ጠብቀኝ» ብላ መካኒኩን ጠይቃ ተመለሰች። «እሱ የሚለው፣ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀህ ራስህ ብታነሳት ይሻላል፤ እኛ ከነካናት ትቀደዳለች። ደግሞ ተመልሳ እዚያ መለጠፍ የለባትም። ኤርባጉ ሲከፈት ክዳኑ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ተሳፋሪው ፊት ላይ ነው የሚሄደው።»

ምርጫዬ እዚያ አለቀ ማለት ይቻላል። ልሰማው የማልፈልገውን ነው የነገረችኝ፤ ሳትሸጥልኝ፣ ሳትቸኩል። መኪናዋ መነዳት ስለሌለባት ጫኝ ላኩ፤ ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ቶዮታ ጭኖ መውሰድን፣ ቤት መጥቶ መሥራትንና ወስዶ መመለስን እንደ አማራጭ አቅርቦ ነበር። ይህን ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ ዲለር ጥሩ ምልክት ነው። «አይ፣ ቀስ ብለህ ንዳና አምጣት» የሚላችሁን ስልኩን ዝጉበት።

የትንሹ ዲለር ጉድለትም አለ። ዕቃው በመደርደሪያ አልነበረም፤ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ተለዋጭ መኪናቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ተይዘዋል። ቅዳሜ ዝግ ናቸው። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሥራ ትቶ ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ ኡበር የሚነዳ ጓደኛዬ «ዘጠኝ ቀን ማለት ለኔ የቤት ኪራይ ነው» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው።

ቤት ድረስ የሚመጣው

ያ ጓደኛዬ የ2004 ራቭፎር አለው። እሱ የመረጠው ዲለሩ መካኒክ በቫን እንዲልክለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እየጠጣን ነበር ቀጠሮውን ለማክሰኞ ያስያዘው፤ ማክሰኞ እኔም ለማየት ሄድኩ። የራቭፎር ኤርባግ መሪው መሐል ስላለ ሥራው ከኮሮላ ይቀላል። ልጁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታ፤ ከዚያ ምንም ሳይነካ ቆመ። «ምን እየጠበቅክ ነው?» አልነው። ሰዓቱን አሳየን። በሲስተሙ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። ጓደኛዬ ልክ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ ቆጠረ። ዘጠና የሚቆጥርና የማይቆጥር መካኒክ መካከል ያለውን ልዩነት የምታዩት ደጃችሁ ላይ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ዲለር ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ነው።

ስለዚህ ለመሪ ኤርባግ፣ ለሶፍትዌር ማሻሻያና ለመሳሰለው ቀላል ሥራ ቤት መጪውን ከሁለቱም አስበልጣለሁ። ቀይ ቢጫ ወረቀት የሚያወጣበት ማንሻ የለውም፤ ለመሸጥ አልመጣም። ዝናብ ከሆነ ይሰረዛል፤ የአፓርታማው አስተዳደር ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መሥራት ከከለከለ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ፕላስቲክ ማውለቅ ለሚፈልግ ሥራ ግን በመንገድ ዳር ብርሃን ባላሠራው እመርጣለሁ።

የኛ ልጅ ጋራዥስ?

በቨርጂኒያዋ ፎልስ ቸርች በኩል የሚሠራ፣ ኮሮላዋን ከጋሼ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቅ መካኒክ አለን። ማንም ከሱ በላይ አያምናትም። ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ይቺን ለእኔ አታምጣት። የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፣ ዕቃውም በዲለር ነው የሚመጣው። እነሱ ይሥሩ፤ መጥተህ እኔ አያታለሁ» አለኝ። ታማኝ ጋራዥ እንዲህ ነው የሚመልሰው። «ከስክራፕ ኤርባግ አመጣልሃለሁ» የሚላችሁ ካለ ሽሹ፤ ከተፈታ መኪና የወጣው ራሱ የተጠራ ታካታ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ዓመታትም ኒትሳ ከውጭ የገቡ ርካሽ ምትክ ኢንፍሌተሮች ሰው እንደገደሉ አስጠንቅቋል። የኛ ልጅ ጥቅሙ ከዲለሩ በፊትና በኋላ ነው። በፊት፣ የነበረውን ጭረትና የሚንኳኳውን ፕላስቲክ አብራችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ በኋላ፣ «ቀይ» የተባለውን ዝርዝር እሱ አይቶ እውነቱን ይነግራችኋል።

ለማንም ብትሰጡ ስልክ ላይ የምጠይቃቸው እነዚህ ናቸው። በቪን ቁጥሬ ስንት ያልተሠራ ሪኮል አለ? (ጥሩ አድቫይዘር ያልጠየቃችሁትን ሁለተኛውንም ይነግራችኋል፤ አንዳንድ የ2003–2004 ኮሮላና ማትሪክስ ላይ ኤርባግ ያለ ግጭት ሊከፈት የሚችልበት ሌላ ሪኮል አለና።) ዕቃው አሁን መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ ይታዘዛል? «አምጣውና እናያለን» መልስ አይደለም። የምርመራ ክፍያ አለ? ካለ ሌላ ዲለር። ከዚያ ሲያስገቡ የምትፈርሙት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር አስጽፉ፤ «ሪኮሉ ብቻ» እና «አይታጠብ»። ሁለተኛው የሚገርማችሁ ይሆናል፤ የዲለር ነፃ እጥበት ብዙ ጊዜ የብሩሽ ማሽን ነው፤ ሃያ ዓመት በእጅ የታጠበ ቀለም ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይተዋል። ቀጠሮ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ ያድርጉላችሁ፤ ቅዳሜ ሰው የሚበዛበት ነው።

መኪናዋን ስትረከቡ ከግቢው ሳትወጡ ቁልፉን አዙሩና የኤርባጉን መብራት እዩ። በርቶ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ወይም ጭራሽ ካልበራ ተመለሱ። ደረሰኙ ላይ የሪኮሉ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ የገባችበትና የወጣችበት ማይልና ዜሮ ድምር መኖር አለበት። አሮጌው ኢንፍሌተር ወደ ፋብሪካው ስለሚመለስ «ስጡኝ» ማለት አይቻልም፤ ፎቶ ግን መጠየቅ ይቻላል፣ እኔ ጠይቄ ተልኮልኛል። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪኑን መልሳችሁ አስገቡ፤ ገና «አልተሠራም» ካለ ዲለሩ ወረቀቱን ለፋብሪካው አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ደውሉ። «ያኔ አሠርቻለሁ» የሚል ካለም ደግሞ ይፈትሽ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕቃ በማጠሩ አንዳንድ ታካታ ለጊዜው በሌላ አዲስ ታካታ ተተክቶ እንደገና ተጠርቷል። ሪኮል ሳይታወጅ በፊት ለዚያው ችግር ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ከሆነም ደረሰኙን ለፋብሪካው ላኩ፤ ተመላሽ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

አዲስ አበባ ላሉ አንድ ነገር። ራቭፎር እዚያ ምን ያህል እንደሚወደድ አውቃለሁ። ከአሜሪካ የሄደ ከሆነ የቪን ቁጥሩን በኒትሳ ገጽ ላይ ከዚያው ሆኖ ማየት ይቻላል። ከዱባይ ወይም ከጃፓን የመጣ ከሆነ ግን ያ ገጽ «ሪኮል የለም» ቢል አትመኑት፤ የሚያውቀው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን ብቻ ነው። በጃፓን ገበያ የተሸጡት እነ ቪትዝ ጭራሽ 17 አኃዝ ያለው ቪን የላቸውም፤ የሻንሲ ቁጥራቸው በቶዮታ የጃፓን ገጽ ላይ ነው የሚፈተሸው። የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴርም የራሱ የሪኮል ገጽ አለው።

ኮሮላዋ በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። ዳሽቦርዱ ላይ ሥዕሏ የነበረችበት ቦታ ያልገረጣ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ጋሼን ለማስቀደስ ስወስዳቸው ገብተው ተቀመጡ፣ ቀበቶ አሰሩ፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደዱ። ባዶ ነው። ሳልናገር ከፊታቸው ያለውን የፀሐይ መከላከያ ወደ ታች ሳብኩላቸው። ገብርኤል እዚያ ናት፤ በፀጉር ማድረቂያ ስትነሳ አንድ ጥግ ተጣጥፏል።

«ማን አነሳት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ እነሱ አይደሉም።»

ጥጉን በአውራ ጣታቸው ለማቅናት ሞከሩ፤ ከዚያ ሞተሩን ሰሙና «ዘይቷንስ?» አሉ።